ዳኛው ሊቀ መንበር ሲሆኑ

ኦቦ ኤቢሳ በጉደር ዳርቻ ባለች ቀበሌ የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳሉ የፈረዱበት ሰው እንኳ አያኮርፋቸውም ነበር። የቀበሌዋ የድሮ ሊቀ መንበር በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሲነሳ ጊዜ ታዲያ የሰፈሩ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በራቸው ላይ ቆሙ። «ፍርድ አዋቂ ካስተዳደረን ማን ይበድለናል?» አሉ። ኦቦ ኤቢሳን ልባቸው እምቢ በል ቢላቸውም፣ ሣር ይዞ የቆመን ሽማግሌ ባዶ እጁን መመለስ እዚያ አገር ትልቅ ነውር ነውና እሺ አሉ። የዳኝነቱ ወንበር አብሯቸው እንደማይሄድ፣ ሌላ ሰው እንደሚቀመጥበት ግን አንዱም ብልጥ አላሰበም።

አምቦ ታሪክ የምታጠናው ልጃቸው ሴና ቅዳሜ መጥታ ሳቀችባቸው።

«አባዬ፣ ያንተ ነገር ስፔንም ደርሷል። የከተማ ሹማቸውን አልካልዴ ይሉታል። ቃሉ የዓረቦች ነው፤ አል ቃዲ፣ ዳኛው ማለት ነው። መጀመሪያ ሥራው መፍረድ ነበር፤ ከዚያ ከተማውን ጫኑበት።»

«ፍርዱስ?»

«ቀስ በቀስ ለሌላ ተሰጠ። ስሙ ብቻ ቀረለት።»

አብረዋት ሳቁ። ምሳቸውን ግን ሳይጨርሱ ተነሱ፤ ምክንያቱን ለልጃቸው አልነገሯትም።

ባሏ የሞተባት ካሰች የምትባል ሴት በቤት ቦታ ከአማቾቿ ጋር ስትካሰስ፣ ቦታው የእሷ ነው ብለው የፈረዱላት እሳቸው ነበሩ። አሁን ያው ቦታ ለመጋዘን ይፈለጋል ተባለና፣ ወሰኑን አሳይቶ ሴትዮዋን የማስነሳቱ ሥራ በሊቀ መንበሩ ላይ ወደቀ። ሊቀ መንበርነቱን ልልቀቅ ብለው ወረዳ ቢሄዱ «የመረጠህን ሕዝብ ጠይቅ» አሏቸው። ሽማግሌዎቹን ቢጠይቁ «ሣር ይዘን ለምነንህ?» ብለው ተቀየሟቸው። መውጫው ጠፋቸው፤ እንቅልፍም አጡ።

ሰኞ ጠዋት ቦታውን የሚለኩትን ሰዎች እየመሩ ካሰች ግቢ ገቡ። ደንግጣ ከቤት የወጣችው ሴት እሳቸውን ስታይ ፊቷ በራ።

«አካም ቡልተን ኦቦ ኤቢሳ! እንኳን እርስዎ መጡልኝ! እነዚህ ሰዎች ቦታሽን ልቀቂ ይሉኛል።»

ዱካ አውጥታ በነጠላዋ ጫፍ ጠራረገችላቸው። እሳቸው ሲቀመጡም እንደ ከሳሽ እጇን አጣምራ ፊታቸው ቆመች።

«ይፍረዱኝ፣ ዳኛዬ» አለች።

ከጀርባዋ ችካል ይመታል። ኦቦ ኤቢሳ ቀና ብለው ሊያይዋት አልቻሉም።

«የመጣሁት» አሏት፣ «ከእነሱ ጋር ነው።»