ሱቄን ሊለካ የመጣው ሰው

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የወንድሜን መርዶ በሰማሁ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ አንዴ ያናድደኛል፣ አንዴ ያስቀኛል።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የሙሽራ ቀሚስ አጠባለሁ። በዚያችው ጠባብ ሱቅ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ልጄ "ማሚ፣ ኦንላይን አድርጊው" ስትለኝ "የእኔን እጅ የሚያውቅ ያውቀዋል" እያልኩ ዝም አሰኛት ነበር።

መርዶውን የነገሩኝ የማኅበር ጓደኞቼ ናቸው፤ እንደ ወጉ ማለዳ ቤቴ መጥተው። ያን ዕለት ሱቄ ትዝም አላለኝ። አንዷ ሄዳ በሩ ላይ "ለቅሶ ላይ ነች" ብላ በአማርኛ ለጠፈችልኝ። መቼ እንደምመለስ አልጻፈችም። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ቀን ይቆርጣል እንዴ?

ከአሥር ቀን በኋላ ተመልሼ ከፈትኩ። ሰው የለም። በማግስቱም የለም። የእኛ ሰዎች ሊያጽናኑኝ ብቅ ይላሉ እንጂ "ገና ሐዘን ላይ ናት" ብለው ልብስ አያመጡም። የሌሎቹ ደንበኞቼ መጥፋት ግን ግራ ገባኝ። ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ ደግሞ ፊቴ የሚመጣው ወንድሜ ብቻ ነው።

አንድ ማክሰኞ አንድ ጎልማሳ ሐበሻ በሩን ገፍቶ ገባና ሜትር አውጥቶ ግድግዳውን መለካት ጀመረ። ከስፌት መኪናው ኋላ መቀመጤን አላየም።

"ወንድሜ፣ ምን ጠፍቶህ ነው?" አልኩት።

ክው አለ። "ውይ፣ ይቅርታ እትዬ! ቦታውን ልየው ብዬ ነው። የሚያከራየው ኤጀንት ባዶ ነው ብሎ ቁልፍ ሁሉ ሰጥቶኛል።"

"ባዶ? እኔ ምንድን ነኝ ታዲያ?" አንገቴ ላይ የነበረውን ሜትር አውልቄ ሰጠሁት። "በል፣ እኔንም ለካኝ። ከነወንበሬ ተሸክማችሁ ካላወጣችሁኝ አልወጣም!"

ሰውየው ሙሉጌታ ይባላል፤ እዚሁ አቅራቢያ፣ አሌክሳንድሪያ ስልክ ይጠግናል። ሁለተኛ ሱቅ ሊከፍት ነበር የመጣው። ስልኩን አውጥቶ ሰው ሱቅ የሚፈልግበትን ካርታ አሳየኝ። ከሱቄ ስም ሥር በቀይ "ለዘለቄታው ተዘግቷል" ይላል።

"ሱቁ ጨልሞበት፣ በሩ ላይ የተለጠፈውን አማርኛም ማንበብ ያልቻለ ሰው ተዘግቷል ብሎ ሪፖርት አድርጎት ይሆናል" አለኝ።

ኤጀንቱም የኪራይ ውሉን የማድስ እንደሆነ በኢሜይል ሲጠይቀኝ ሰንብቶ ኖሯል። እኔ ኢሜይል መች ከፍቼ አውቃለሁ? መልስ ሲያጣ ካርታውን አይቶ ጥላ ሄዳለች ብሎ ደመደመ። ውሉ ሊያልቅ የቀረው አሥራ አንድ ቀን ነበር።

ደሜ ፈላ። "ወንድሜ ሞተ እንጂ እኔ አልሞትኩም!" ብዬ ጮህኩ። እንባዬም አብሮ ወረደ። መርዶውን ስሰማ እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም።

ሙሉጌታ ዝም ብሎ ቢወጣ ሱቁ የእሱ ነበር። እሱ ግን ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። "ስልክዎን ይስጡኝ፣ ላስተካክልልዎ" አለኝ።

"አልሰጥህም። አሳየኝና ራሴ አደርገዋለሁ።"

መነጽሬን አድርጌ፣ በአንድ ጣት እየነካሁ የሱቁ ባለቤት መሆኔን አስመዘገብኩ። የምከፍትበትን ሰዓት ጻፍኩ። ለኤጀንቱም አልወጣም፣ ውሉን አምጣ ብዬ መለስኩለት። በመጨረሻ ሙሉጌታ በሩ ላይ አቁሞ ፎቶ አነሳኝ። "ፈገግ ይበሉ እንጂ" ቢለኝ እምቢ አልኩ።

ውሉ ታደሰ። ቀዩ ጽሑፍም ከቀናት በኋላ ጠፋ። መጀመሪያ የመጣችው ደንበኛ ከሪቨርዴል ፓርክ ናት፤ ሐበሻ አይደለችም፣ ስሜንም ሰምታ አታውቅም። የልጇን ቀሚስ ዘርግታ "ፎቶሽን ሳየው ይህች ሴት በሥራዋ አትቀልድም አልኩ" አለችኝ። ዛሬ የሰፋሁትን ፎቶ እያነሳሁ የምለጥፈው ራሴ ነኝ። ከኮሌጅ ፓርክ ተማሪዎች፣ ከፎልስ ቸርች ሙሽሮች ይመጣሉ። ሱቄን ባዶ ያለው ኤጀንት ሳይቀር ኮቱን አሰፍቷል።

በቅርቡ የሙሉጌታ እናት አረፉ። ሱቄን ዘግቼ አሌክሳንድሪያ ሄጄ ሦስት ቀን አብሬው ተቀመጥኩ። ከመሄዴ በፊት ግን ካርታው ላይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፍኩ፦ "ለቅሶ ላይ ነኝ። ሰኞ ጠዋት እመለሳለሁ።"

ልጄ "ማሚ፣ ክሎዝድ ብቻ በይው፤ ሰው አይገባውም" አለችኝ። አልሰረዝኩትም። ያልገባው ይጠይቀኝ፤ ሰኞ ጠዋት እዚያው ነኝ።