ቅቤ የነካው ፍሬን

ባለፈው ሳምንት ከራቤል ከተማ አንድ ሰው መኪናችንን ሊገዛ መጣ። ጎንበስ ብሎ ከሥሯ አየና «ይቺን ምን ነካት? ሆዷ መሬት ሊነካ ነው እኮ» አለኝ። ወንድሜ ነው ዝቅ ያደረጋት አልኩት። «ለዚህ አገር መንገድ?» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። መልስ ነበረኝ። ግን ስለ ወንድሜ ከማውራት ብዬ የመኪናዋን በር ዘጋሁ። ሰውየውም ሳይገዛ ሄደ።

ታላቅ ወንድሜ ደረጀ ካረፈ ዓመት ሊሆነው ነው። ጉበቱን ታሞ ነው የሞተው። መኪናዋን ለእሽቅድድም ማዘጋጀቱን የሰማ ሁሉ በአደጋ የሞተ ይመስለዋል፤ አይደለም። እኔ ጋሼ ነበር የምለው። መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ትንሽ ጋራዥ ነበረችው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስጠብቅ አብሬው እሠራ ነበር።

ያን ጊዜ ጥቅምት ነበር። ጠዋት ውርጩ መስተዋቱ ላይ ይጋገራል፤ ረፋድ ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ጀርባ ታቃጥላለች። ገብሱ ቢጫ ሆኖ መታጨድ ጀምሯል። ጋሼ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ በሚገኝ፣ ገና ለተሽከርካሪ ባልተከፈተ አዲስ አስፋልት ላይ፣ የመኪና እሽቅድድም እንደሚደረግ ሰማ። ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ዕድሜውን ሙሉ በድንጋይ መንገድ ላይ ቀስ እያለ የነዳ ሰው ነው። አንድ ቀን እንኳ መኪናዋ የምትችለውን ያህል ሊነዳት ይመኝ ነበር።

እኛ አገር መኪና ሲሻሻል ከፍ ይላል። ድንጋዩ ሆዷን እንዳይመታት ክብደቷን የሚሸከመው ሞላ ሥር የጎማ ቁራጭ ይጨመራል። ጋሼ ግን ያን ሁሉ አውጥቶ አጠርና ጠንከር ያለ ሞላ ገጠመላት፤ ንዝረቱን የሚያበርደውን አሞርዛተርም ቀየረ። መታጠፊያ ላይ እንዳታጋድል ነው አለኝ። ጎረቤታችን አቶ ሽፈራው፣ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና የጨረሱ ሰው፣ ቆመው አዩዋት።

«ደረጀ፣ ይቺ ዶሮ እንቁላል ልትጥል ነው?»

«ልትጥል ነው ጋሽዬ፤ ለእርስዎም አስቀምጣለሁ።»

ጎማ ስንመርጥ እኔ ጥርሱ ጥልቅ የሆነውን አነሳሁ። ለእኔ ጥሩ ጎማ ማለት ከጭቃ የሚያወጣ ነበር። እሱ ሳቀና መልሶ አስቀመጠው፤ ጥርሱ ያነሰውን፣ አስፋልቱን በሙሉ ፊቱ የሚይዘውን ወሰደ። ለፊት እግሮቿም አዲስ የፍሬን ዲስክና ዲስኩን ጨምድዶ የሚያቆም አዲስ ሸራ ገዛ። «መሮጡን ሁሉም ይሮጣል» አለኝ፣ በሶውን እየበጠበጠ። «ዘግይቶ ፍሬን የሚይዝ ነው የሚቀድመው።»

የቀረው የእናታችን ምርቃት ነበር። ከቤታችን ማንም ሳይመረቅ መንገድ አይወጣም፤ ጋሼ ደብረ ብርሃን ዕቃ ሊገዛ ሲሄድ እንኳ በሯ ላይ ቆሞ አሜን ይላል። ያን ጊዜ ግን እምቢ አለች።

«መንገዱ የት ያደርሳል?» አለችው።

«ዙሪያ ነው እማዬ። ተዙሮ እዚያው ነው።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልመርቅህ? በሰላም ድረስ እንዳልል የምትደርስበት የለህ።»

ሊያስቃት ሞከረ፤ አልሳቀችም። ፈርታ ነበር። እሱም ያለ ምርቃት እንደማይሄድ አውቄያለሁ፤ አፉ ባይናገርም እጁ ሥራው ላይ ቀዘቀዘ።

በዋዜማው መኪናዋን ግቢያችን ውስጥ በድንጋይ ላይ አቁመን፣ ጎማዎቹን ቸርኬው፣ ማለትም ክብ ብረቱ፣ ላይ ልናስገጥም ወጣን። ተመልሰን ገጠምናቸውና ልንሞክራት ወደ ኳስ ሜዳው ወረድን። ጋሼ ፈጠን ብሎ ነዳና ፍሬን ያዘ። አልያዘችም። እየተንሸራተተች ሄዳ ሜዳው ዳር የተከመረ የገብስ ነዶ ውስጥ ገባች። ወረድን። ጋሼ ጎማውን ፈታና ዲስኩን በጣቱ ነካ፤ ጣቱን አሸተተ።

«ቅቤ ነው» አለ።

እናታችን አዲስ ነገር ቤት ሲገባ ቅቤ ትቀባለች፤ ለጥጃም፣ ለሙሽራም፣ ለአዲስ ሣጥንም። ጎማው ተፈትቶ ስታይ ከሁሉ የሚያበራው ዲስኩ ነበር። መቼም የመኪናዋ መሐል አናት እሱ መስሏት ነው። በአፏ ያልቻለችውን በእጇ አድርጋዋለች።

እኔ ቅቤ ስለጠጣው ሸራ ተናድጄ ነበር። ጋሼ ግን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «መርቃኛለች እኮ» አለ። ዲስኩን በቤንዚን አጠበ፤ ሸራውን በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው፣ ቅቤው እንዲወጣም እሳት ላይ ያዘው። ሌላ የሚገዛበት ጊዜ አልነበረም። «እንዳትነግራት፤ ታፍራለች» አለኝ።

ጠዋት በሯ ላይ ቆመ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ምንም አላለችም። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ «አሜን» አለና ወጣ።

እሽቅድድሙን አላሸነፈም። ሸራው እንደ አዲስ ስለማይዝለት ከሌሎቹ ቀደም እያለ ፍሬን ይይዝ ነበር፤ በዚያ ተቀደመ። ግን ከመኪናዋ ሲወርድ ፊቱ ያበራ ነበር። «በየመታጠፊያው ፍሬን ስይዝ ቅቤ ይሸተኛል» አለኝ። «እማዬን ከጎኔ አስቀምጬ የምነዳ ነው የመሰለኝ።»

የራቤሉ ሰው ከሄደ በኋላ እናቴ ፀሐይ ላይ ያሰጣችውን ገብስ በእጇ እየበተነች ጠራችኝ። ለካ ሰምታን ነበር።

«ያን ቀን ሳልመርቀው ነው የሄደ» አለች። «ምንም ሳልለው አሜን አለኝ። ተቀይሞኝ ይሆን?»

እስከዚያ ቀን ይህን ይዛ እንደምትኖር አላወቅሁም። ጋሼ አትንገራት ያለኝ እንዳታፍር ነበር፤ አሁን ግን ቢኖር ራሱ የሚነግራት መሰለኝ። እየተደናቀፍኩ ነገርኳት፤ ስለ ዲስኩ፣ ስለ ነዶው፣ ስለ ሳቁ፣ ከመኪናዋ ሲወርድም ስላለኝ።

እጇ ገብሱ ላይ ቆመ።

«ፍሬኑን ነው እንዴ የቀባሁት?»

«አዎ እማዬ።»

በነጠላዋ አፏን ያዘች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀች ነው። ከዚያ ደግሞ አለቀሰች።

«ሲወርድ ምን አለ ነው ያልከኝ?»

ነገርኳት።

«እስቲ ድገመው» አለችኝ።

ደገምኩላት። እኔም ልሰማው ፈልጌ ነበር፤ በራሴ ድምፅም ቢሆን።