ወባ ያልሆነው ንዳድ

ሐሙስ፣ ንጋት፤ ቃሊቲ

የአክስቴ ልጅ እትዬ አስካለ የስፌት መኪናዋን ልትሸጥ መሆኑን የሰማሁት በስልክ ነው። «ገዢው ቅዳሜ ይመጣል። እጄ አልታዘዝ ብሎኛል» አለችኝ። ሐዋሳ ውስጥ የስንቱን ልጅ ዩኒፎርም የሰፋች ሴት ናት። ምን እንደነካት ደጋግሜ ብጠይቃት «ወባ ነዋ! ወባ ጥሎብኝ የሄደው ጣጣ ነው» ብቻ አለች። ወባ ጣት እንደሚያኮማትር የትም አንብቤ አላውቅም። መጻሕፍቴን አገላብጬ ባጣው ጊዜ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ።

መናኸሪያው ጭቃ በጭቃ ነው፤ ነሐሴ ገብቷል። ረዳቱ «ሐዋሳ፣ ሐዋሳ፣ የሞላ!» እያለ ይጣራል። ገብቼ ሳይ ከኋላ ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው። «ሞላ» ማለት መናኸሪያ ውስጥ ሌላ ትርጉም አለው፤ ቃሉን ያመነ ሰው ተቀምጦ ይጠብቃል። ጠበቅሁ።

ዝዋይ፣ ረፋድ

ሞጆን አልፈን ወደ ስምጥ ሸለቆው ስንወርድ ሹራቤን አወለቅሁ። መቂ ላይ የሽንኩርት ጆንያና በሣጥን የተደረደረ ቲማቲም መንገዱን አጥብቦታል። ዝዋይ ለቁርስ ቆምን። ፍልሰታ ስለሆነ ዓሣ ይበላል አይበላም በሚል ጠረጴዛው ለሁለት ተከፈለ። ሽበታሙ ሾፌራችን ክርክሩን ሰምተው ሲያበቁ የዓሣ ጥብስ አዘዙ።

«መንገደኛ ነኝ» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ስለ ወባ ጠየቅኋቸው።

«ከሞጆ በታች ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው፣ እቴ።»

«ተመርምረው ያውቃሉ?»

«አንዴ ተመርምሬ ‹የለብህም› አሉኝ። እኔ እንደ ሞተር እየተንቀጠቀጥሁ! ታዲያ ማንን ልመን?»

«ምን አደረጉ?»

«የወባ መድኃኒት ገዝቼ ዋጥኋ!»

ሳቅን። መኪናው ከተነሣ በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ትምህርት ቤት የገባሁት ከልጄ ጋር እኩል ነው፤ ዘግይቼ ስለተማርሁት ይሁን እንጃ፣ ቃል ሲያልፈኝ አይሆንልኝም። አማርኛችን ነካሿን ራሷን «የወባ ትንኝ» ብሏታል። ስሟን ስንጠራ በሽታውን አብረን ጠራን፤ ሌላ ነገር ይዛ ልትመጣ እንደምትችል ቃሉ ቦታ አልተወም። የድሮ ሰዎች «ንዳድ» ሲሉ ግን ያዩትን ብቻ ነበር የሚናገሩት፦ ሰውነት ይነዳል። በምን? አላወቁም፤ እናውቃለንም አላሉም።

ሐዋሳ፣ ከሰዓት በኋላ

ከሻሸመኔ ግርግር በኋላ ሐዋሳ ሰፊና ጸጥ ያለች ትመስላለች። ከመናኸሪያው ባጃጅ ይዤ የስፌት ሱቋ ደረስሁ። እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ስንሳሳም እጄን አልጨበጠችም፤ በክንዷ ነው ያቀፈችኝ። ሻይ ስትጠጣ ብርጭቆውን በሁለት መዳፏ መሐል አጣብቃ ያዘችው።

«እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አልኋት።

በሰኔ ጨርቅ ልትገዛ ድሬዳዋ ሄዳ ነበር። በተመለሰች በጥቂት ቀን ነደደች፤ ዓይኗ ከኋላው የተወጋ መሰላት፣ መገጣጠሚያዋ ሁሉ ተቆረጣጠመ። ጤና ጣቢያ ሄዳ ለምርመራ ደሟን ሰጠች።

«ምን አገኙ?»

«ወባ የለብሽም አሉኝ። ግን የወባ መድኃኒት ሰጡኝ። አልሻል ሲለኝ ደግሞ ታይፎይድ ነው ብለው መርፌ ወጉኝ።»

«አጎበር ነበረሽ?»

«ምን ነካሽ! ሳልዘረጋ ተኝቼ አላውቅም።»

ባሏ ጋሽ ደምሴ ከጥግ ሆነው ይሰማሉ። «ወባ እንዲህ አይከርምም» አሉ። «ይሄ የእናቷ ሪህ ነው። እናቷ እጃቸው ከተያዘ በኋላ እስኪሞቱ መርፌ አልያዙም። መኪናው ዝጎ ዋጋ ከሚያጣ አሁን ይሸጥ።»

እትዬ አስካለ ወደ መኪናው ዞረች። መኪናው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ አጠገቡ ተቆርጦ ያልተሰፋ ሰማያዊ ዩኒፎርም ተከምሯል።

ዓርብ፣ ጠዋት፤ ሐይቅ ዳር

ክሊኒክ ውስጥ ያገኘናት ሐኪም ወጣት ናት። የእትዬ አስካለን ጣቶች አንድ በአንድ እያጠፈች፣ «ድሬዳዋ ያረፉበት ቤት በርሜል ውስጥ ውኃ ያጠራቅሙ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

«የማን ቤት የማያጠራቅም አለ? ቧንቧው መቼ ይመጣና!»

«ቀን ቀን ነክሶዎታል?»

«ቢምቢው? ጨርቅ ስመርጥ እግሬን ጨርሶኛል! የቀን ቢምቢ ግን ምን ያደርጋል?»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሌላ ዓይነት ትንኝ እንዳለች ነገረችን፤ በርሜል ውስጥ ትፈለፈላለች፣ በቀን ትነክሳለች። የምታመጣው ቫይረስ ነው፤ ደንጌ ወይም ቺኩንጉንያ። በወባ ምርመራ አይታይም። «ጣቱ እንዲህ ሲሆን ሁለተኛውን እጠረጥራለሁ። መመርመሪያው ግን እዚህ የለንም፤ እርግጠኛ ነኝ ልልዎት አልችልም።»

«ሌላም ሰው እንዲህ ሆኖ ይመጣል?» አልኋት።

«ይመጣል። ወባ የለበትም እንላለን፤ የወባ መድኃኒት ውጦ ቤቱ ይተኛል። ምን እንደነበረ ማንም አያውቅም።»

እትዬ አስካለ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እጄ ይመለሳል?»

«ያሰብሁት ከሆነ፣ አብዛኛውን ሰው በወራት ውስጥ ይለቀዋል። አንዳንዱን ይቆይበታል። ሪህ እንዳይሆን ደግሞ እንከታተለዋለን።»

በመንገድ ላይ «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ልሽጠው አልሽጠው?» አለችኝ። «ይድናል» ማለት ምላሴ ላይ ነበር። «አላውቅም፣ እትዬ» አልኋት። ተቀየመች መሰለኝ፤ እስከ ፒያሳ ከፊት ከፊቴ ሄደች።

ቅዳሜ

ቁርስ ላይ ጋሽ ደምሴ የበሽታውን ስም ጠየቁ።

«ደንጌ፣ ወይም…» እትዬ አስካለን ሁለተኛው ስም አልያዝ አላት።

«ደንጊያ?»

«ደንጌ!»

«ደንጊያ የሚባል በሽታ! አዬ የዘንድሮ ሐኪም!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ከመጣሁ ወዲህ ስትስቅ ገና ማየቴ ነው።

ገዢው ረፋዱ ላይ ጋሪ አስከትሎ መጣ። ሽፋኑን ገልጦ መዘውሩን አዟዟረ፣ ደስ አለው። ጋሽ ደምሴ ወደ እሷ ዞሩ።

«ወንድሜ፣ አድክሜሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» አለችው። «አልሸጥም።»

«ምነው እናቴ፣ እጅሽ ተይዟል አላላችሁኝም?»

«ተይዞ አይደለም፤ ደንጊያ መትቶኝ ነው። ደንጊያ የመታው ይሽራል።»

ገዢው እየተነጫነጨ ሄደ።

ከሰማያዊው ክምር ግማሹን ለጎረቤት ሰፊ ላከች፤ ለትምህርት መክፈቻ ብቻዋን አታደርሰውም። ከቀረው አንድ እጅጌ አንሥታ መኪናው ፊት ተቀመጠች። ክሩ በመርፌው ቀዳዳ አልገባ አላት። «አስገቢልኝ» አለችኝ፤ አስገባሁላት። ፔዳሉን ረገጠች። ጨርቁ ከመዳፏ እያመለጠ ስፌቱ እባብ ሆነ። ወደ ብርሃኑ አንሥታ አየችው።

«ይሄን የለበሰ ልጅ ምን ይባላል?» አለችና በጥርሷ ክሩን በጠሰች፤ በቀስታ መፍታት ጀመረች። ፈትታ ስትጨርስ እጅጌውን እንደገና መኪናው ላይ ዘረጋችና «ክር» አለችኝ።

የአዲስ አበባው መኪና ሞልቶ እንደሄደ የሰማሁት መናኸሪያ ስደርስ ነው። የዚያን ቀን በእውነት ሞልቶ ነበር አሉ። ቀጣዩ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥሁ።