ሦስተኛው ስንኝ ላይ

ዛሬ ጠዋት ሆሳዕና ከተማ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ መዝሙሩ መሃል ላይ ሳይታወቀኝ ዝም አልኩ።

"እማማ፣ አመመዎት እንዴ?" አለችኝ አጠገቤ የቆመችው ልጅ።

"አይ፣ ደክሞኝ ነው" አልኳት። እውነቴን ነው።

በደርግ ጊዜ፣ እኔ ወጣት ሳለሁ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ ነበር። እሁድ ጠዋት ቀበሌ ስብሰባ እንቀመጣለን፤ ከሰዓት በኋላ ጓሮ ለቆጮ የሚሆን እንሰት እንፍቃለን። የምንዘምረውም እዚያው ነበር፤ የመፋቂያው ድምፅ የእኛን ይሸፍንልናል።

ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስንደርስ የያዝነው እንሰት ተፍቆ ያልቃል፤ የመፋቂያውም ድምፅ ይቆማል። ሌላው እስኪቀርብ ትንፍሽ አንልም፤ ከአጥሩ ማዶ የቀበሌ ጥበቃ አለ።

ወጣቶቹ "ጀግኖች ነበራችሁ" ይሉናል። እኔ የማስታውሰው የወገቤን ሕመም ነው፤ ጸሎት ጀምሬ ሳልጨርስ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። (ጌታም ለምዶኝ ይሆናል።)

ዛሬ ድምፅ ማጉያው ጆሮ ይበሳል፤ የሚከለክለን የለም። እኔ ግን ሦስተኛው ስንኝ ላይ ቆምኩ።

ዞር ስል፣ ያኔ አብራኝ ትፍቅ የነበረችው ማርታም ከኋላዬ አፏን ገጥማ ቆማለች። ሕዝቡ መዝሙሩን ቀጥሎ ጥሎን ሄዷል። ተያየንና አራተኛውን ስንኝ እኩል ጀመርን።

እናንተስ፣ ዘመኑ ቢያልፍም አፋችሁ ገና ያልተወው ነገር አለ?