ማጅራት ላይ የሚያርፍ ዓይን

ትናንት ከጎፋ ወደ ለቡ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ማጅራቴን በላኝ። ዞር ስል ከኋላ ወንበር አንድ ሰውዬ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ አፍጥጦብኛል። ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ፤ የድሮው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ከታላቅ እህቴ ከአልማዝ ጋር ቀበሌ ሱቅ ለስኳር እንሰለፍ ነበር። አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር በሩ ላይ ወንበር አስወጥቶ ጥሬ ሥጋ ይበላል። የጮማው ቅባት አገጩ ላይ ያብረቀርቃል፤ ዓይኑ ግን ከአልማዝ ላይ አይነሳም።

«እያየኝ ነው አይደል?» አለችኝ ጀርባዋን እንደሰጠችው።

«እያየሽ ነው።»

«ታውቆኛል። ዝንብ የሚሄድብኝ ነው የሚመስለኝ።»

ከኋላችን የነበሩት ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች በነጠላቸው ከለል አደረጓት። «አትዪው ልጄ» አሉ በሹክሹክታ። «እንዲህ ያለው ሰው ዓይንሽን ካገኘ አንቺን ያገኘ ይመስለዋል።»

ተራችን ሲደርስ ሰውዬው ተነስቶ መጣ። በቅባታም ጣቱ አገጯን ቀና አድርጎ «ምነው ታቀረቅሪያለሽ?» አላት። አልማዝ ዓይኗን ሳታርገበግብ ትኩር ብላ አየችው። ቀድሞ ያቀረቀረው እሱ ነው፤ ስኳሩን ግን ከለከለን።

ቤት ገብታ አገጯን በሳሙና ስትፈትግ ቆዳው ተላጠ። እናታችን ፈርታ በሳምንቱ ቡታጅራ አክስታችን ዘንድ ላከቻት። እዚያው አገባች፤ እዚያው ወለደች። ዛሬም ልጠይቃት ስሄድ እየሳቀች ታጫውተኛለች፤ ስታወራ ግን ግድግዳውን እንጂ እኔን አታይም።