የአባቴ ሁለት ሰዓቶችና የሙሻ ደሴት ማንግሮቭ

ከመስቀል አደባባይ የተነሳነው ሯጮቹ ደረጃውን ሽቅብ ቁልቁል በሚሉበት በንጋት ነው። የካዛንቺስ ጎረቤቶቻችን ወዴት እንደምንሄድ ሲጠይቁን "ባሕር ልንቀዝፍ" እንላቸዋለን፤ እነሱም የቀለድን መስሏቸው ይስቃሉ።

የጉዞው ምክንያት አባዬ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት በከባድ መኪና የጅቡቲን መንገድ ተመላልሷል፤ ባሕሩን ያየው ግን ከወደቡ አጥር ወዲህ ሆኖ ነው። ጡረታ ወጥቶ ሳሎን ውስጥ ሲንጎራደድ ከርሞ አንድ ቀን "ውሃው ላይ ሳልወጣ ልሙት እንዴ?" አለ። እኔ የሕንፃ ንድፍ እሠራለሁ፤ ያልተለካና ያልተሰመረ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። ስለዚህ ሦስት ወር አቀድኩ።

እማዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። "ዋና የማይችል ሰውዬ ነው ይዘህ የምትሄደው። እንዳለ መልስልኝ፣ በቃ።"

ሁለት ቅዳሜ ቢሾፍቱ ወርደን ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ተለማመድን። ካያክ ማለት እግርን ዘርግተው ተቀምጠው የሚቀዝፏት ጠባብ ጀልባ ናት። የኛዋ ባለሁለት መቀመጫ ነበረች። ወድቆ መነሳትን እንዲለምድ ሆን ብዬ ገለበጥኳት። አባዬ በላይፍ ጃኬቱ ተንሳፍፎ ውሃ እየተፋ "ይሄ ነገር ፍሬን የለውም እንዴ?" አለኝ።

ዕቅዱን በአንድ ወረቀት ላይ አሳጥሬ ሜክሲኮ ወስጄ በፕላስቲክ ላሚኔት አስደረግኩት። ጃኬት ከባሕሩ ዳር ጀምሮ አይወልቅም። ፊሽካ አንገት ላይ ይታሰራል። ነፋስ ከበረታ አንገባም። አንዳችን ከተጠራጠርን ሁለታችንም እንመለሳለን። ከሁሉ በላይ ደግሞ የውሃው ሰዓት። የምንቀዝፈው ከጅቡቲ ወደብ ማዶ ባለው የሙሻ ደሴት ማንግሮቭ መሃል ነው። ማንግሮቭ ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ በዛፎቹ መሃል ያለው መተላለፊያ የሚቀዘፈው ባሕሩ ሲሞላ ብቻ ነው። ሲጎድል ጭቃ ይሆናል፤ የገባ ሰው እዚያው ይቀራል። የሙላቱን ሰዓት ከኢንተርኔት ሰንጠረዥ ገልብጬ በቀይ ጻፍኩ፦ 10:00።

አውቶቡሱ ውስጥ አባዬ እጅጌውን ሲሰበስብ በሁለቱም እጁ ሰዓት አስሯል።

"የአንዱ ባትሪ ቢያልቅ ብለህ ነው?" አልኩት።

"ወደብ ስትደርስ ታየዋለህ" አለና ተኛ።

መንገድ

ከአዋሽ በኋላ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። ሚሌ ሻይ ለመጠጣት ስንወርድ የሻይ ቤቷ ባለቤት አባዬን ገና ከሩቅ ለየችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ጠፋህ እኮ። መኪናህስ?"

"ዛሬ ተሳፋሪ ነኝ። ባሕር ልቀዝፍ ነው።"

"በስተርጅና?" አለችና የሻዩን አልቀበልም ብላ ሸኘችን።

ሰመራ አድረን በማግስቱ ጋላፊ ላይ ፓስፖርታችንን አስመትተን ተሻገርን። ጅቡቲ ከተማ ማታ የበላነው ለሁለት ተሰንጥቆ ምድጃ ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ የሚጋገር፣ በርበሬ የተቀባ የየመን ዓሣ ነው። ከትልቅ ቂጣ ጋር በአንድ ሺህ አምስት መቶ ፍራንክ። አባዬ እሾሁን ለብቻ እየደረደረ "ነገ ከነዚህ ጋር ነው የምንውለው" ይል ነበር። ከደስታ ብዛት ሁለታችንም በደንብ አልተኛንም።

ደሴቱ

ወደ ደሴቱ የምታሻግረን የሞተር ጀልባ ባለቤት አሊ አማርኛ አቀላጥፎ ይናገራል። በስልክ "በጠዋት ኑ" ብሎኝ ስለነበር በሁለት ሰዓት ተኩል ሙሻ ደሴት አደረሰን። ያለን ያ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ማታ ጀልባዋ ትመለሳለች። አሊ ያከራየንን ካያክ ከጀልባዋ ሲያወርድ እኔ ጥላ ስር ምንጣፍ ዘረጋሁ።

"አረፍ በል አባዬ። የምንገባው በስምንት ሰዓት ነው፤ ውሃው በአሥር ይሞላል።"

አባዬ አላረፈም። ውሃው ጫፍ ላይ አንድ እንጨት ተከለ። ትንሽ ቆይቶ እንጨቱ ውሃ ውስጥ ገባ። ሌላ ተከለ፤ እሱም ገባ። መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

"ልጄ፣ ወረቀትህ በማን ሰዓት ነው የተጻፈው?"

"እንዴት በማን ሰዓት?"

ሁለቱን እጆቹን ጎን ለጎን አድርጎ አሳየኝ። ግራው ሦስት ይላል፤ ቀኙ ዘጠኝ። "ይሄ የቤቴ፣ ይሄ የወደቡ። ጀማሪ ሳለሁ በዚህ ነገር የመጫኛ ተራዬ አምልጦኝ በፀሐይ ሁለት ቀን ከርሜያለሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነው የማስረው።"

ወረቀቱን አየሁ። የአውቶቡሱ፣ የምሳው፣ የመመለሻው ሰዓት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። ቀዩ ብቻ የፈረንጅ ነው። አሥር ያልኩት ጠዋት አራት ሰዓት ኖሯል። ጆሮዬ ጋለ። አሊን ስጠይቀው "ታዲያ ለምን በጠዋት ያመጣኋችሁ መሰለህ?" አለ።

"የተጠራጠረ ካለ እንመለስ?" አልኩ፤ የራሴን ደንብ አስታውሼ።

"አሁን ማን ተጠራጠረ?" አለ አባዬ፣ ጃኬቱን እየቆለፈ።

አሊ በሌላ ካያክ እየመራን ገባን። ቅርንጫፎቹ ከላይ ተገናኝተዋል፤ ሥሮቹ እንደ ጣት ውሃው ውስጥ ተተክለዋል። ከሥራችን ትንንሽ ዓሦች ይሸሻሉ። አባዬ ከፊት ሆኖ ይቀዝፋል፤ መታጠፊያ በደረስን ቁጥር አፉን እንደ ክላክስ ያስጮሃል። ዞር ብሎ ሲያየኝ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ነበር። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ አልቅስ አልቅስ አለኝ። ልክ በአራት ሰዓት አዙረን ወጣን።

አሥር ሰዓት

ከሰዓት በኋላ አባዬ እጄን ይዞ ወደ መተላለፊያው አፍ ወሰደኝ። በኔ ዕቅድ መተላለፊያው መሃል ላይ የምንገኝበት ሰዓት ነው። ውሃ የለም። ጥቁር ጭቃ ብቻ፣ ጭቃው ላይ ደግሞ ሸርጣኖች ይመላለሳሉ። ባሕሩ ከሙላት ወደ ጉድለት ለመሄድ ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ በአባዬ ሁለት ሰዓቶች መሃል ያለው ልዩነትም ስድስት ነው። በስምንት ሰዓት ገብተን ቢሆን እዚያ ጭቃ ውስጥ እንቀር ነበር።

ኡራኤል

ቤት ስንደርስ እማዬ ከእግር እስከ ራሱ አየችውና "ጠቁረሃል" አለች። ሌላ ጉድለት አላገኘችም። ለኔ ግን የተረፈኝ ትምህርት አለ፦ ሦስት ወር ሙሉ አባዬን ከባሕሩ እንዴት እንደምጠብቀው አስቤያለሁ፤ ዕቅዱን አንዴ እንኳ አላሳየሁትም ነበር።

እሑድ ኡራኤል አጠገብ ካለው ካፌ ወሰደኝ። ጓደኞቹ ሁሉ የድሮ ሾፌሮች ናቸው። ከኮቱ ኪስ ያንን ላሚኔት አወጣ።

"ልጄ ነው ያቀደው። እዩት፣ መስመር በመስመር።"

ከመሃላቸው ጋሽ ሱልጣን መነጽራቸውን አድርገው ከላይ ጀምረው አነበቡ። ቀዩ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

"ይሄ አሥር ሰዓት... በማን ሰዓት ነው?"

አባዬ ወረቀቱን ከእጃቸው ቀማና ኪሱ ከተተው።

"እሱን አባትና ልጅ ተነጋግረን ጨርሰናል" አለ፤ ለኔም ሻይ አዘዘልኝ።