ከመታጠፊያው የቀረችው

ከተራራው ግርጌ ጠዋት ጠዋት ወደ ከተማ የሚወርደው አውቶቡስ አንድ ብቻ ነው። ሹፌሩን ተሳፋሪዎቹ «ሙሽራው» ይሉታል፤ ቁልቁለቱን ሲወርድ ሙሽሮች የጫነ ይመስል ጉድጓዱን ሁሉ እያባበለ ስለሚነዳ። እሱም ስሙን ወዶታል። «ሙሽራ ብጭን ኖሮ እንዲህ የተኮሳተረ ፊት ይዤ አልወርድም ነበር» እያለ በመስተዋቱ ወደ ኋላ ያያቸዋል።

አውቶቡሱ የትም ያልተጻፈ ሕግ አለው። ከመታጠፊያው የሚሳፈሩት ሰዎች ሁልጊዜ ያው ናቸው፤ ከነሱ አንዱ ከጎደለ አይነሳም። የማይሄድ ሰው ከዋዜማው፣ ማታ ሲወርድ፣ «ነገ የለሁም» ብሎ ይናገራል። ያልተናገረ ይጠበቃል። ጡሩምባ ይነፋለታል፤ ሲወጣም አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይሰድበዋል፤ ተሰድቦም ቦታው ላይ ይቀመጣል።

መነጽር ሠሪዋ ከነዚህ ሰዎች አንዷ ነበረች። ከተማሪነቷ ጀምሮ የወረደችው በዚሁ አውቶቡስ ነው። ቤታቸው ከመታጠፊያው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ተራራው ሽቅብ ሊል ሲዳዳው፣ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ነው። እናቷ ከሞቱ ወዲህ እዚያ ቤት የቀሩት እሷና አባቷ ናቸው። አባቷ አናጢ ነበሩ፤ አሁን ጉልበታቸው ቢደክምም የጎረቤት ወንበር ሲሰበር መጀመሪያ የሚታሰቡት እሳቸው ናቸው።

የምትሠራው ከተማ ውስጥ፣ በሩ መስታወት፣ ወለሉ ነጭ በሆነ መነጽር ቤት ነው። ሌንሱን ትለካለች፣ መሐሉ ላይ ነጥብ ታደርጋለች፣ ከዚያ ውሃ በሚፈስበት ሞረድ ላይ ጠርዙን እያዞረች በፍሬሙ ልክ ታወጣዋለች። ጥቂት ካተረፈች አልገባም ይላል፣ ጥቂት ካጎደለች ይወድቃል። እጇ ልዝብ ነው ይባልላታል። ነጭ ጋዋን ለብሳ ከሞረዱ ፊት ስትቀመጥ ከየት እንደመጣች ማንም አያውቅም። እግሯን ካላዩ በስተቀር።

ክረምት ሲገባ የተራራው መንገድ ይላቁጣል። ሌላ ጫማ በፌስታል ይዛ ትወርድና ከመነጽር ቤቱ ጀርባ ካለች ሱቅ ጥግ ቆማ ትቀይራለች። ጭቃው ግን ጫማ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ቀሚሷ ጫፍ ላይ ወጥቶ ይደርቅና ልክ ነጩ ወለል ላይ ስትደርስ መራገፍ ይጀምራል። የመነጽር ቤቱ ባለቤት፣ እትዬ የሚሏት ሴት፣ ክፉ ሰው አይደለችም። ቀልድ ግን ትወዳለች።

«ዛሬም ከተራራው ቆርሰሽ መጣሽ? በርቺ፤ እንዲህ በትንሽ በትንሹ ጨርሰሽ ካመጣሽው እኛም ሳንደክም እንወጣዋለን።»

ሁሉም ይስቃሉ። እሷም ትስቃለች፤ እንዲያውም ከሁሉም ሳቅ የሷ ይጮኻል። ከዚያ ጓዳ ገብታ የቀሚሷን ጫፍ በሞረዱ ውሃ ታሻለች።

አንድ ቀን ከተሳፋሪዎቹ አንዱ፣ የባንኩ ጥበቃ፣ ተኝቶ አረፈደና አውቶቡሱ ጠበቀው። መነጽር ቤት ስትደርስ ደንበኛ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። እትዬ «ይቅርታ፣ ሠራተኛዬ የምትመጣው ከተራራ ነው፤ እዚያ ሰዓት የሚቆጠረው በዶሮ ነው» አለችው። ሰውዬው ፈገግ ብሎ እሷን ከላይ እስከ ታች አያት። ያን ቀን የሞረደችው ሌንስ ከፍሬሙ ወደቀ። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት አያውቅም።

ቤት መፈለግ የጀመረችው በዚያ ሳምንት ነው። መጀመሪያ ያየችው የመንገዱ አጋማሽ ላይ፣ አስፋልቱ የሚጀምርበት ሰፈር ያለ ክፍል ነበር፤ ከአባቷም አይርቅም። ግን እዚያ ብትኖርም አውቶቡሱ በበሯ ያልፋል፤ ሙሽራው ያቆምላታል፣ አብራት የምትሳፈረው ነርስ በመስኮት ትጠራታለች። አዎ፣ ይህንኑ ነው ያልፈለገችው። ሁለተኛው ከተማ ውስጥ፣ ከብየዳ ቤት ጀርባ ያለ አንድ ክፍል ነው። መስኮቱ ግድግዳ ያያል፤ ቀኑን ሙሉ ብረት ይጮኽበታል። ከደጁ እስከ መነጽር ቤቱ ግን ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ ነው። ወዲያው ተስማማች።

አባቷ በረንዳው ላይ የወንበር እግር እያለሰለሱ ነበር የነገረቻቸው።

«አባዬ፣ ከተማ ክፍል አገኘሁ።»

«ለማን?»

«ለራሴ። ለክረምቱ።» ለክረምቱ ብቻ እንዳልሆነ ስታውቅ ነው።

እንጨቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «መንገዱ ጎድቶሻል፤ አያለሁ እኮ። እኔን አታስቢኝ። ብቻ የአውቶቡሱን ሰዎች ተሰናበቻቸው። ዝም ብሎ መጥፋት ነውር ነው።»

«ተሰናብቻለሁ» አለች።

አልተሰናበተችም። በየማታው ስትወርድ ልትናገር አፏን ትከፍታለች፤ ከዚያ «ምነው፣ ለምን?» ሲሏት ይታያታል። መንገዱ በዛብኝ ብትል እነሱም የሚወጡት የሚወርዱት በዚያው መንገድ ነው። ስለዚህ «ደህና እደሩ» ብላ ትወርዳለች። በእረፍት ቀን፣ አውቶቡሱ በማይሠራበት፣ ልብሷን አሸዋ በሚያመላልስ መኪና ጭና ወረደች።

በማግስቱ ጠዋት አውቶቡሱ መታጠፊያው ላይ ቆሞ ጡሩምባውን ነፋ።

አባቷ ኮታቸውን ደርበው ወጡ። ልጄ ተሰናብታችሁ የለም እንዴ ለማለት ነበር የወጡት። ነገር ግን የሁሉም ፊት በመስኮቱ ወደ ቤቱ ሲያይ ነገሩ ገባቸው። ልጃቸው ለማንም ሳትናገር ጥላቸው እንደሄደች ከአፋቸው ሊወጣ አልቻለም።

«ትንሽ አሟታል» አሉ።

«እግዜር ይማራት!» አለ ሙሽራው፤ ሄደ። በነጋታው ግን ቆሞ ነፋ። «ዛሬስ እንዴት ናት?» «ዛሬ ይሻላታል፣ ብቻ አልተነሣችም።» በሦስተኛውም፣ ከዚያ በኋላም። ሽማግሌው ከጡሩምባው አስቀድመው መውጣት ጀመሩ፤ ሳይጠየቁ ይመልሳሉ። ማታ ልጃቸው ስልክ ስትደውል «የአውቶቡሱ ሰዎች ስለኔ ጠየቁ?» ትላቸዋለች። «ሰላም ብለውሻል» ይሏታል።

እሷ ይህን ሁሉ አታውቅም። ከተማው ተመችቷታል። ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ትገባለች፤ እትዬም ቀልዷን ወደ ሌላዋ ሠራተኛ አዙራለች፤ እሷም በዚያ ትስቃለች። ለከንፈሯ ቀለም፣ ለትከሻዋ ቦርሳ ገዛች። ሳምንት አልፎ የእረፍት ቀኗ ሲደርስ ብርድ ልብሷን ልታመጣ፣ አባቷንም ልታይ ወደ ላይ ወጣች። ፀሐይ ስለነበር መንገዱ ደርቋል።

ደጃፉ ስትደርስ ከውስጥ ድምፅ ሰማች።

«አባባ፣ ነርስ እኮ ነኝ። ትኩሳቷን ብቻ ልይላት፤ አልቀሰቅሳትም።»

«አሁን ገና ነው ያሸለባት» ይላሉ አባቷ። «ከተቀሰቀሰች ትቆጣለች።»

«ታማም ትቆጣለች?»

«ኧረ ተዪያት አንቺ» አለ የሙሽራው ድምፅ። «ድምፃችንን ሰምታ ራሷ ትነሣለች። የኔን ጡሩምባ ስትሰማ ያልተነሣች በአንቺ ቴርሞሜትር ትነሣለች?»

ማን ነው የታመመው ብላ ልቧ ደነገጠ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ገፋችውና ገባች።

ሙሽራው፣ ነርሷና የባንኩ ጥበቃ፣ አባቷ በሠሯቸው ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ ብርቱካንና ወተት አለ። አባቷ የእሷ ክፍል በር ላይ ቆመዋል፤ እጃቸው መያዣው ላይ ነው።

ጥበቃው ወደ ተዘጋው በር አየ፣ ወደሷ አየ፣ እንደገና ወደ በሩ። «ይቺ ደግሞ በየት ወጣች? በመስኮት?» ብሎ ሳቀ። ብቻውን ነበር የሳቀው፤ ሲገባው አቆመ።

ነርሷ ከንፈሯን፣ ቦርሳዋን፣ ጫማዋን አንድ በአንድ አየችላት። «አምሮብሻል» አለቻት ቀስ ብላ። ትንሽ ቆይታ «ለበሽተኛ» አለች።

አባቷ ቀና ብለው አዩዋት። ከሐኪም ቤት እየመጣሁ ነው እንድትል እየለመኗት እንደሆነ ከዓይናቸው አነበበች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ነርሷ ግን የትኛው ሐኪም ቤት ብላ መጠየቋ አይቀርም። እውነቱን ወድዳ ይሁን ነርሷን ፈርታ፣ እስከ ዛሬ ለይታ አታውቀውም፤ ብቻ ተናገረች።

«አልታመምኩም። ከተማ ክፍል ተከራይቼ ገብቻለሁ። ተሰናብቻችኋለሁ ብዬ አባዬን የዋሸሁት እኔ ነኝ። እሱ ጥፋት የለበትም።»

ሙሽራው ቆቡን ከጉልበቱ ላይ አነሣ። «እኛ ደግሞ ልትሞቺ ነው ብለን» አለ፤ ሊያስቅ ፈልጎ ነበር፤ ድምፁ ግን አልታዘዘለትም። ነርሷ ተነሣች። ጥበቃው ብርቱካኑን ልውሰደው ልተወው በሚል ሁኔታ አይቶ ተወው። ሲወጡ አንድ በአንድ የአባቷን እጅ ጨበጡ፤ እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ጨበጧቸው። ሐዘን ቤት ይመስል ነበር።

ብቻቸውን ሲቀሩ እንዲህ አሏት። «ለምን ነገርሻቸው?»

«አባዬ፣ ውሸታም እንዳትባልብኝ ብዬ እኮ...»

«አሁንስ ምን ተባልኩ?» ድምፃቸው አልጮኸም። «ሰው ይታመማል። መታመም አያሳፍርም። ልጁ የሸሸችው አባት ግን... ነገ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

መሬቱ ቢሰነጠቅላት ትገባ ነበር። «እመለሳለሁ» አለች። «ብርድ ልብሱን አልወስድም፤ ልብሴን ነው የማመጣው።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ሙሽራው ተቀምጦበት የነበረው ላይ። «ከተማው ተመችቶሻል?»

«አባዬ...»

«ጠየቅኩሽ እኮ።»

አዎ ማለት አሁን ከስድብ በላይ መሰላት። «ተመችቶኛል» አለች፤ ፊቷ ነደደ።

«እንግዲያው እኔን አፍረሽ አትመለሺ። ተለማምጣኝ ከተመለሰች ልጅ ጋር ቁጭ ብዬ አልበላም።»

እሳቸው ከቤት እንደማይወጡ ስላወቀች ብቻዋን ወደ ሙሽራው ቤት ሄደች። ሙሽራው ግቢው ውስጥ አውቶቡሱን እያጠበ ነበር። አይቷት ባልዲውን አላስቀመጠም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«መጠበቁን ተይው፤ ስንቱን ጠብቀናል። ጥበቃውን በየሳምንቱ አይደል የምንጠብቀው?» ጎማው ላይ ውሃ ደፋ። «አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ምን አድርገንሽ ነው ያልነገርሽን?»

«ምንም አላደረጋችሁኝም።»

«ታዲያ?»

«ሥራ ቦታ ይስቁብኝ ነበር።»

«በኛ?»

«በመንገዱ» አለች። ከዚያ «በእናንተም» ብላ ጨመረች። «አብሬያቸው እስቅ ነበር።»

ሙሽራው ወደ ጎማው ጎንበስ አለ። ሲናገርም ዞር አላለም። «እኔም ከተማ ስደርስ አውቶቡሱን ራቅ አድርጌ ነው የማቆመው። እዚያ ያሉት ሹፌሮች አፋቸው አያርፍም።» ጨርቁን ጨመቀ። «ግን ለልጆቼ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። አንቺ ደፋር ነሽ፤ ወይም ባለጌ። እስቲ አስብበታለሁ።»

«ባለጌ ነኝ።»

«ይሁን።» ቀና አለ። «አሁን ቁርጡን ንገሪኝ። ቦታሽን ልያዝልሽ ወይስ ልተወው? በየጠዋቱ አባትሽ ደጅ ቆሜ መንፋት አልችልም።»

ተራራው ከኋላዋ ነበር፤ ዞራ አላየችውም። ይህን ቃል በየማታው አውቶቡሱ ውስጥ ውጣው ስትወርድ ከርማለች። አሁን ደግሞ ከበፊቱ ይልቅ ከብዷት ነበር።

«አትጠብቁኝ» አለች።

«እሺ» አለ ሙሽራው። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ እሷም ሌላ እንዲጨምር የመጠበቅ መብት እንደሌላት ታውቅ ነበር።

ቤት ስትመለስ አባቷ ከተወቻቸው ቦታ አልተነሡም።

«ምን አለሽ?»

«ከእንግዲህ አይጠብቀኝም። ነግሬዋለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ ይበላቸው ይከፋቸው ፊታቸው አልተናገረም። «ዛሬ እደሪ» አሉ። «ነገ በእነሱ አውቶቡስ ነው የምትወርጂው። ቁሙልኝ ብለሽ፣ እንደ እንግዳ። እኔም አብሬሽ ወጥቼ እቆማለሁ።»

«አባዬ፣ አንተ እንኳ ቤት ብትቆይ...»

«ብቻዬን አላያቸውም። ከአንቺ ጋር ልያቸው፤ ለሁለት ከተካፈልነው ይቀለን ይሆናል።» ከዚያ እንደ ተቆጣ ሰው «የአንገትጌዬን ቁልፍ የት አደረግሽው? ስትሄጂ ቤቱን ሁሉ እኮ አዘበራርቀሽው ነው የሄድሽው» አሏት።

ቁልፉን፣ መርፌና ክር ፈልጋ መጣች። ሸሚዛቸውን ሳያወልቁ፣ ፊት ለፊታቸው ተንበርክካ ቁልፉን ትተክል ጀመር። ሁለቱም ዓይን ለዓይን እንዳይተያዩ ቁልፉን ብቻ ያዩ ነበር።